ፍርድ ቤት ያልሰማው ምስክርነት፦ የዊንፍሬድ ሬምበርት የቆዳ ሥዕሎችና በአሜሪካ እልባት ያላገኘው የእስረኞች ጉልበት ጉዳይ

በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ፣ ኩዝበርት በምትባል አነስተኛ ከተማ አካባቢ፣ ዊንፍሬድ ሬምበርት የተባለ የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት በነጮች መንጋ ተይዞ፣ ልብሱ ተገፎ፣ ዛፍ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ከመንጋው መካከል የነበረው ምክትል ሸሪፍ፣ ሕግ እንዲያስከብር መሣሪያና ደመወዝ የተሰጠው ሰው፣ ሊሰልበው በቢላዋ ወጋው። ሬምበርት የተረፈው ሌላ ነጭ ጣልቃ ስለገባ ነው፤ ያም ሰው ቢሆን አዝኖለት ሳይሆን፣ ከመግደል የተሻለ ልናደርግበት የምንችለው ነገር አለ በሚል ነበር። ለዚህ ድርጊት ተከስሶ ዳኛ ፊት የቆመ ማንም የለም። ዳኛ ፊት የቆመው የተሰቀለው ወጣት ነው፤ 27 ዓመት እስራትም ተፈረደበት።

ከዚህ ውስጥ 7 ዓመት ያህሉን በጆርጂያ የጉልበት ሥራ ካምፖች አሳልፎ በ1974 ተፈታ። ያየውን መሣል የጀመረው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። እስከ ሞተበት እስከ 2021 ድረስ ጥጥ ለቃሚዎችን፣ እስረኞችን፣ የሰቀሉትን ሰዎችና የልጅነት መንደሩን ቆዳ ላይ እየቀረጸ ቀለም ቀባቸው። እነዚህ ሥራዎች ዛሬ በሙዚየሞች ይታያሉ፣ በውድ ዋጋም ይሸጣሉ። አብዛኛው አድናቂ የሚያያቸው ግፍን ያሸነፈ ሰው የፈውስ ታሪክ አድርጎ ነው። እኔ ይህን አነባበብ አልቀበለውም። የጆርጂያ መዝገብ ሬምበርትን መኪና የሰረቀና ከእስር ያመለጠ ወንጀለኛ ብሎ ይዞታል፤ ከዚያ መዝገብ ላይ የጎደለው ሌላው ግማሽ የሚገኘው ቆዳዎቹ ላይ ነው፤ ስለዚህም መታየት ያለባቸው በምስክር ዐይን ነው።

ሬምበርት በ1945 ተወልዶ ገና የወራት ሕፃን ሳለ እናቱ ለአክስቷ ሰጥታው፣ በጥጥ እርሻ ላይ አደገ። እርሻው ለጉልበቱ ስለሚፈልገው ትምህርት ቤት የሚሄደው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ ጎልማሳ ሲሆንም ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ ከእርሻው ኮብልሎ የኩዝበርት ጥቁሮች ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ፑል ቤት ወደሚያንቀሳቅሱበት ሃሚልተን አቬኑ ገባ። ጥቁር ሰው የገዛ ንብረቱ ጌታ ሆኖ ሲኖር ያየው መጀመሪያ በዚያ መንገድ ነው፤ የሲቪል መብቶች ንቅናቄን የሰማውም እዚያው ነው።

በ1965 ከኩዝበርት ብዙም በማትርቀው አሜሪከስ ከተማ ሰልፎች ይካሄዱ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር አራት ጥቁር ሴቶች ለነጭ ሴቶች በተለየው የመራጮች ወረፋ ላይ ቆማችኋል ተብለው መታሰራቸው ከተማዋን አናውጧት ነበር። ሬምበርትም በዚያ ዓመት አሜሪከስ ውስጥ በአንድ ሰልፍ ላይ ተገኘ። መሣሪያ የያዙ ነጮች ሲያሳድዱት ቁልፉ የተሰካበት መኪና አግኝቶ በዚያው አመለጠ፤ በኋላም ተያዘ። ከአንድ ዓመት በላይ ክስ ሳይመሠረትበት ታስሮ ቆየ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ የክፍሉን ሽንት ቤት ደፍኖ ውኃው እስር ቤቱን እንዲያጥለቀልቀው አደረገ። ሊደበድበው የገባውን ምክትል ሸሪፍ ታግሎ ሽጉጡን ቀማው፤ እዚያው ቆልፎበትም ወጣ። ሲያዝ በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቆልፎበት ወደ ዛፉ ተወሰደ።

የፍርድ ሂደቱ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የትኛውን እንደመረጠ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መኪናው ተቆጠረ፣ ማምለጡም ተቆጠረ። ያለ ክስ የታሰረበት ጊዜ፣ ድብደባው፣ ገመዱና ቢላዋው ግን ለሕግ እንዳልተፈጸሙ ያህል ሆኑ።

ሬምበርት ከእስር ይዞት የወጣው ዕውቀት ሁሉ ከእስረኞች የተማረው ነው። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩት እስረኞች ናቸው። ቆዳ ላይ መቅረጽንም የተማረው የኪስ ቦርሳ ይሠራ ከነበረ አንድ እስረኛ ነው። በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ላያት ፓትሲ ለተባለች ወጣት ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር፤ በተፈታበት ዓመት ተጋቡ፤ ወደ ሰሜን ተጉዘው በመጨረሻ ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ከተማ ላይ ስምንት ልጆች አሳደጉ። በወደብ ጫኝና አውራጅነት ሠራ፤ አደንዛዥ ዕፅ በመሸጥ ንግድ ውስጥ መግባቱንም በኋላ ሲናገር አልሸሸገም። ስለ ኩዝበርት ሲተርክ ስትሰማ የኖረችው ፓትሲ ናት ታሪኩን ቆዳ ላይ እንዲያወጣው የወተወተችው።

የአሠራሩ ዘዴ ለምስክርነቱ ክብደት ስለሚሰጠው ትንሽ ላብራራው። የለፋው ቆዳ መጀመሪያ በውኃ ይረጥባል። ንድፉ ከሰፈረበት በኋላ እያንዳንዱ መስመር በስል መቅረጫ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የስንጥቁ አንድ ወገን በብረት ማተሚያ በመዶሻ እየተመታ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሌላው ወገን ከፍ ብሎ ይቀራል። ቀለሙ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ቆዳው ጠጥቶት አብሮ ይቀራል። ሸራ ላይ የተሳሳተ ሠዓሊ ደርቦ ይቀባል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ግን ተመልሶ አይገጥምም። የራሱ አካል በቢላዋ የተወጋ ሰው ይህን ታሪክ ለመናገር በስለት የሚሰነጠቅ ቆዳን መምረጡ በአጋጣሚም ቢሆን ከባድ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ስለ ቁሳቁሱ ብዙ አይፈላሰፍም ነበር፤ በእጁ ያለውን ሙያ ተጠቀመ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ጸንቶ የሚታወሰው ‹‹ሁሉም እኔ›› ሊባል በሚችል ርዕስ ደጋግሞ የሠራቸው የእስረኞች ሥዕሎች ናቸው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሰው አያይም። የሚታየው ጥቁርና ነጭ መስመር ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ሰያፍ የሚሄድ፣ ዐይን የሚያጭበረብር፣ ጨርቅ ላይ የታተመ ጥለት የሚመስል። ጥቂት ሲቆዩ ከመስመሮቹ መካከል ፊት ብቅ ይላል፤ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ መዶሻ፣ ከዚያ ሌላ ፊት። ባለ መስመር ልብስ የለበሱ እስረኞች አንዱ ከሌላው በማይለይበት ሁኔታ ተደራርበው ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ ይቆፍራሉ። ሬምበርት ሥዕሉን ሲያስረዳ እነዚያ ሰዎች ሁሉ እሱ ራሱ መሆናቸውን ይናገር ነበር፤ በዚያ ቦታ በሕይወት ለመቆየት አንድ ሰው ሆኖ መኖር ስለማይቻል፣ እንደ ሁኔታው ብዙ ሰው መሆን ነበረበት።

ይህ ሥዕል የሚሠራውን ሥራ የፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ሊሠራው አይችልም ብዬ አምናለሁ። የእስረኛ ልብስ የተሠራው ሰውን ከሩቅ ለመለየትና ስሙን ለመሰረዝ ነው። ሬምበርት ያንኑ ልብስ ተጠቅሞ ተመልካቹ ፊት እንዲፈልግ፣ አንድ በአንድ እንዲለቅም ያስገድደዋል። ሥዕሉ ውብ ባይሆን ኖሮ ብዙ ሰው ዐይቶት ያልፍ ነበር። ውበቱ ያቆመዋል፤ ከቆመ በኋላ የሚያየው ነገር ውብ አይደለም።

የጥጥ እርሻ ሥዕሎቹም እንዲሁ ናቸው። ነጫጭ የጥጥ ነጠብጣቦች በተጠማዘዙ ረድፎች ተደርድረው በመካከላቸው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የለበሱ ለቃሚዎች ጎንበስ ብለዋል። እርሻው ከሩቅ ሲታይ ያማረ መሆኑን ሬምበርት ራሱ ይናገር ነበር፤ መልቀም የጀመረ ሰው ግን ማማሩን ወዲያው ይረሳል። ከማለዳ ጨለማ እስከ ማታ ጨለማ የሚዘልቀው ሥራ የልጅን ጉልበት እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ እጅ ስለሠራው፣ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ስቅላቱን የሣለባቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ ሕመም ያስከፈሉትም ናቸው። ጣልቃ የገባውን ሰው ያስታወሰው በጫማው ነው፤ ተዘቅዝቆ ለተሰቀለ ሰው ቅርብ የሚሆነው ጫማ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሥዕሉንም በዚያው የጫማ ዓይነት ሰየመው። እነዚህን ሲሠራ ይታመም እንደነበር፣ ሌሊትም በቅዠት እየጮኸ ይነቃ እንደነበር እሱም ቤተሰቡም ተናግረዋል። ‹‹ሥዕል ፈወሰው›› የሚለውን አባባል የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። አባባሉ ተመልካቹን ያሳርፈዋል፤ በደሉ ተፈጽሞ፣ ሥዕል ተሥሎ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሬምበርት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተገላገለውም።

አንድ ተጠራጣሪ ሊያነሣው የሚችል ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከትዝታው የሣለው ነገር እንደ ማስረጃ ሊወሰድ ይችላል ወይ? ትዝታ እንደሚሳሳት የታወቀ ነው፤ ሠዓሊም ያምራል ብሎ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሆኖም የዚህ ጥያቄ ሚዛን ወደ ሁለቱም ወገን መያዝ አለበት። በዚያ ዘመን የደቡብ ጆርጂያ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብም ባለጉዳይ የጻፈው ነው፤ ሸሪፉም ዳኛውም ሸንጎውም ከአንድ ወገን ነበሩ። ደግሞም በደቦ ፍርድ ጉዳይ ምስክር የሚጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዋናው ምስክር ይገደላል። ሞንትጎመሪ ከተማ የሚገኘው ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ የተባለው ድርጅት ከ1877 እስከ 1950 ድረስ ከ4,400 በላይ ጥቁሮች በዚህ ዓይነት ሽብር መገደላቸውን መዝግቧል፤ በ2018 በከፈተው መታሰቢያም ስማቸው በየአውራጃው በብረት ዓምዶች ላይ ተቀርጿል። ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸውም የደረሰባቸውን መናገር አይችሉም። ሬምበርት የተሰቀለው ያ ቆጠራ ካበቃ ከ17 ዓመት በኋላ ነው፤ ከዛፉ ወርዶም ያየውን በገዛ እጁ ማሳየት ችሏል። የታሪክ ባለሙያ እንዲህ ያለ ምስክር ሲያገኝ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት፤ ችላ ማለት ግን አይችልም።

ዕውቅናው አዝግሞ ነው የመጣው። በ2000 የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን አሳየ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የታፍትስ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህርት ኤሪን ኬሊ ታሪኩን ከአንደበቱ እየሰማች አብራው ያዘጋጀችው የሕይወት ታሪኩ የታተመው እሱ ካረፈ ከወራት በኋላ ሲሆን፣ በ2022 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የደቦ ግድያን በፌዴራል ደረጃ የጥላቻ ወንጀል የሚያደርገው፣ በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ በነጮች በተገደለው የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በኤመት ቲል ስም የተሰየመው አዋጅ በፕሬዚዳንት ባይደን ፊርማ ሕግ ሆነ። ኮንግረሱ ይህን ለማድረግ ከመቶ ዓመት በላይ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ረቂቆችን ሲጥል ቆይቶ ነው። ሬምበርት በዚያን ጊዜ ከሞተ አንድ ዓመት ሊሆነው ነበር።

ይህ የአሜሪካ ጥቁሮች ጉዳይ እኛን አይመለከተንም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት አትላንታ ከኩዝበርት የሦስት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ናት። ይበልጥ የሚያስተሳስረን ደግሞ ሌላ ነው። ለኤውሮፓውያን ያደላ የነበረውን የኮታ ሥርዓት ያፈረሰው የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ የጸደቀው የሲቪል መብቶች ንቅናቄ በፈጠረው ግፊት ውስጥ፣ ሬምበርት ከአሜሪከስ በሸሸበት በዚያው ዓመት ነው። በዲቪም፣ በቤተሰብም፣ በሌላ መንገድም ጆርጂያ የደረሰ ሐበሻ ዛሬ ሰልፍ ይዞ ድምፅ ሲሰጥ የቆመበት መሬት በማን እንደተከፈለ ማወቁ ዕዳውም መብቱም ነው።

ወደ ጉልበት ሥራው ልመለስ፤ የዛሬው ክርክር ያለው እዚያ ላይ ነው። ባርነትን ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1865 ሲጸድቅ አንድ ልዩ ሁኔታ ትቶ ነበር፤ ወንጀል ፈጽሞ በአግባቡ ለተፈረደበት ሰው ቅጣት ሲሆን ባርነትና የግዳጅ ሥራ አልተከለከሉም። የደቡብ ግዛቶች ወዲያው ሥራ ፈትነትን፣ አሠሪን ጥሎ መሄድን የመሳሰሉትን ሁሉ ወንጀል አድርገው ጥቁሮችን ማሰር፣ ያሰሩትንም ለእርሻ፣ ለማዕድን ማውጫና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ማከራየት ጀመሩ። ጆርጂያ ማከራየቱን በ1908 ስትከለክል እስረኞቹን ወደ አውራጃ መንገዶች አዞረቻቸው፤ በሰንሰለት ተያይዘው መንገድ የሚሠሩ እስረኞች የመጡት በዚህ ነው። በ1940ዎቹ በአገረ ገዥ ኤሊስ አርናል ዘመን ይህም በይፋ ቀረ ተባለ። ሬምበርት ግን ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ባለ መስመር ልብስ ለብሶ እነዚያኑ የጆርጂያ መንገዶች ሲቆፍር ነበር። በወረቀት የቀረና በተግባር የቀረ ነገር ልዩነት ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ዛሬ በአሜሪካ ወደ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሰው በልዩ ልዩ እስር ቤቶች ይገኛል። ከሕዝቡ 14 በመቶ ያህል የሆኑት ጥቁሮች በግዛትና በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ካሉት እስረኞች ሲሶ ገደማ ናቸው። ጆርጂያን ጨምሮ በጥቂት የደቡብ ግዛቶች አብዛኛው የእስረኛ ሥራ ክፍያ የለውም። ሌሎች ዘንድ ክፍያው በሰዓት በሳንቲም የሚቆጠር ነው፤ አልሠራም ያለ እስረኛም ለብቻው ሊዘጋበት፣ የቤተሰብ ጥየቃና የስልክ ዕድል ሊነፈገው፣ የመፈቻ ጊዜው ሊራዘምበት ይችላል።

እስረኛን በግዳጅ ማሠራት የሚፈቅደውን ይህን ልዩ ሁኔታ ከየራሳቸው ሕገ መንግሥት ለመሰረዝ ግዛቶች ሕዝበ ውሳኔ ጀምረዋል። ኮሎራዶ በ2018፣ ነብራስካና ዩታ በ2020፣ አላባማ፣ ቴነሲ፣ ኦሬገንና ቨርሞንት በ2022 ሰርዘውታል፤ ኔቫዳ በ2024 ተከትላቸዋለች። በዚያው የምርጫ ዕለት ግን ለዘብተኛ ናት የምትባለው ካሊፎርኒያ ተመሳሳዩን ሐሳብ በድምፅ ጣለችው። ብዙዎች እንደተገረሙት እኔም ተገርሜያለሁ። የቀረበው ጽሑፍ ‹‹ባርነት›› የሚለውን ቃል ሳይጠቅስ ስለ እስረኞች የግዳጅ ሥራ ብቻ መጠየቁ መራጩን ሳያደናግረው አልቀረም፤ ወጪ ይጨምራል የሚለው ፍርሃትም ነበር። ሰርዘናል ባሉት ግዛቶችም ቢሆን ነገሩ አላበቃም። በኮሎራዶም በአላባማም እስረኞች አሁንም ተገድደን እየሠራን ነው ብለው ክስ መሥርተዋል፤ በአላባማ በ2023 የቀረበው ክስ እስረኞች ማረሚያ ቤቱ እየላካቸው በግል ድርጅቶች ጭምር እንደሚሠሩ፣ አደገኛ ናቸው ተብለው አመክሮ ግን እንደሚከለከሉ ይገልጻል።

በሬምበርትና በዚህ ክርክር መካከል ድልድይ የሚሆኑ ሌሎች ሠዓሊዎች አሉ። ጄሲ ክራይምስ በፌዴራል እስር ቤት ሳለ በ39 የእስር ቤት አንሶላዎች ላይ የጋዜጣ ምስሎችን በፀጉር ጄልና በፕላስቲክ ማንኪያ እያሻሸ አሳትሞ አንድ በአንድ በፖስታ ላካቸው፤ አንሶላዎቹ ሲገጣጠሙ አንድ ግዙፍ ሥዕል እንደሆኑ ሙሉውን ያየው ከተፈታ በኋላ ነው። ራስል ክሬግ ደግሞ የገዛ ፊቱን የሣለው የራሱ የፍርድ ሰነዶች ላይ ነው፤ መዝገቡ ከፊቱ ሥር ሆኖ ይነበባል። ሁለቱ በ2017 ታስረው የተፈቱ ከያንያን ስለ እስር ሥርዓቱ እንዲሠሩ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቋሙ። ከሬምበርት ዘመን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው፤ እሱ ሰሚ ያገኘው ዕድሜው ከመሸ በኋላ ነው።

የሥነ ጥበብ ገበያው በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ድርሻ ግን ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ሬምበርት ዕድሜውን ሙሉ በገንዘብ ችግር የኖረ ሰው ነው፤ ሥራዎቹ በ2023 በኒው ዮርክ ከታላላቆቹ ጋለሪዎች በአንዱ ሲታዩ እሱ አልነበረም። ሰብሳቢው ሥዕሉን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሲሰቅለው የምስክርነት ቃሉን ከአደባባይ ያወጣዋል፤ ሙዚየም ሲገዛው የትምህርት ቤት ልጅ ያየዋል። ስለዚህ የሬምበርት ሥራዎች በተለይም እዚያው ጆርጂያ ውስጥ፣ በሕዝብ ተቋማት እጅ እንዲገኙ መታገል ተገቢ ነው። የጆርጂያን መንገድ ይቆፍር የነበረ ሰው የሠራውን የጆርጂያ ልጅ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ማየት የለበትም።

የፌዴራሉን 13ኛ ማሻሻያ ከዚህ ልዩ ሁኔታ ለማጽዳት የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ከ2020 ጀምሮ በተደጋጋሚ ለኮንግረሱ ቀርቧል። ለማለፍ በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የ38 ግዛቶች ማጽደቅ ያስፈልገዋል፤ ሐሳቡ ግን በየኮንግረሱ የሥራ ዘመን ሳይጸድቅ እየቀረ እንደገና ሲቀርብ ቆይቷል። ጆርጂያም በራሷ ሕገ መንግሥት ላይ ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አላቀረበችም።